የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ደቡብ ሕንድ ወዳለው ኡቲ ተራራ ለሚወጡ

ጥያቄ፦ ልጃችን ኮይምባቶር ይማራል። በታኅሣሥ ልንጠይቀው ስንሄድ በሦስት ቀን ኡቲን፣ ኮዳይካናልንና ሙናርን አይተን ለመመለስ አስበናል። ይበቃናል?

መልስ፦ አይበቃችሁም። ካርታ ላይ ሦስቱም ቅርብ ናቸው፤ ኡቲማ ከኮይምባቶር 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን ያችው 90 ኪሎ ሜትር ሦስት ሰዓት ትፈጃለች፣ በበዓል ሰሞን ከዚያም በላይ። ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው ለመሄድ ደግሞ ወደ ቆላው ወርዶ እንደገና መውጣት ግድ ነው። ሦስቱን ለማየት የተነሳ ሰው ሦስቱን ቀን መኪና ውስጥ ያሳልፋል።

ኡቲን ብቻ ያዙ። በመጀመሪያው ቀን ወጥታችሁ እረፉ። በሁለተኛው ቀን በማለዳ ዶዳቤታ ውጡ። 2,637 ሜትር ከፍታ ያለው የኒልጊሪ ተራሮች ጫፍ ነው፤ ረፈድ ሲል ብዙ ጊዜ ጉም ስለሚሸፍነው ዘግይቶ የደረሰ ነጭ ጭጋግ አይቶ ይመለሳል። ከሰዓት በኋላውን በ1848 እ.ኤ.አ. ለተቋቋመው የዕፅዋት ማዕከል ስጡት። ሦስተኛውን ቀን ስትወርዱ ኩኑር ላይ ሲምስ ፓርክንና በዙሪያው ያሉትን የሻይ ማሳዎች ማየት ትችላላችሁ።

ሙናር በኬረላ ክልል ያለ ሌላ ጉዞ ነው፤ ለብቻው ይቀጠር። ስለሱ ሁለት ነገር ብቻ እወቁ። ኤራቪኩላም ብሔራዊ ፓርክ የተራራ ፍየሎቹ በሚወልዱበት በፌብሩዋሪና ማርች ይዘጋል። ሐምራዊው የኒላኩሪንጂ አበባ ደግሞ በ12 ዓመት አንዴ ነው ተራራውን የሚያለብሰው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. አብቧል፣ ተመልሶ የሚጠበቀው በ2030 ነው። «ዘንድሮ ሙሉው ተራራ ሐምራዊ ነው» ብሎ ጉዞ የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

ጥያቄ፦ በአሮጌው የእንፋሎት ባቡር ወደ ኡቲ መውጣት እንፈልጋለን። ቲኬት ሁልጊዜ አልቋል ይባላል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ባቡሩ በተራራው ግርጌ ካለችው ከሜቱፓላያም ተነስቶ 46 ኪሎ ሜትር ይወጣል፤ ወደ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል፣ ቁልቁል ሲመጣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ። በቀን አንዴ ነው የሚወጣው። ቲኬቱ ላይ 07:10 ተብሎ የሚታተመው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1:10 ነው፤ በሰባት ሰዓት የመጣ ሰው ባቡሩን ኡቲ ላይ ካልሆነ አያገኘውም።

ሽያጩ የሚከፈተው ለጉዞው 60 ቀን ሲቀረው ነው፤ በዚያው ዕለት ጠዋት ካልገዛችሁ በተጠባባቂ መዝገብ ላይ ትቀመጣላችሁ። በኢንተርኔት የተገዛ ቲኬት የመጨረሻው ስም ዝርዝር ሲወጣም ተጠባባቂ እንደሆነ ከቀረ በራሱ ይሰረዝና ገንዘቡ ይመለሳል፤ ይዞ መሳፈር አይቻልም። ጥቂት ቦታ በጠዋት ጣቢያው ላይ ይሸጣል፤ ግን ሰልፉ ሳይነጋ ይጀመራል፣ ሕፃን ላለው አይመከርም።

ያን ካጣችሁ ከኩኑር ኡቲ የሚመላለሱት አጭር ባቡሮች አሉ። ቲኬታቸው የተሻለ ይገኛል፣ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ይሁንና እውነቱን እንናገር፦ የሐዲዱ ጉድ ያለው ከታች ነው። ከካላር እስከ ኩኑር ባለው ክፍል ከ12 ሜትር ጉዞ አንድ ሜትር ሽቅብ የሚወጣ ዳገት አለ፤ ተራ ጎማ በብረት ላይ ይንሸራተት ነበር። ስለዚህ በሁለቱ ሐዲዶች መሐል ጥርስ ያላቸው ሁለት የብረት ዘንጎች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። የአንዱ ጥርስ በሌላው ክፍተት ትይዩ እንዲውል ተደርጎ ስለተቀመጠ፣ የባቡሩ ጥርሳም መዘውር አንዱን ሲለቅ ሌላውን ይዟል። በእንፋሎት የሚሠራው ሞተር ከፊት አይጎትትም፤ ከታች ሆኖ ይገፋል። በየፉርጎው ፊት የሚቀመጥ የፍሬን ሠራተኛም አለ። ኩኑር ላይ ሞተሩ በናፍጣ ይተካል፤ የእንፋሎቱን ባቡር ፎቶ ማንሳት የፈለገ ከዚያ በፊት ያንሳ።

በጥቅምትና በኅዳር ዝናቡ ናዳ ያመጣና አገልግሎቱ ለቀናት ይቋረጣል። በዚያ ወቅት የምትሄዱ ከሆነ መመለሻ አውሮፕላናችሁን በባቡሩ ላይ አታስሩት።

ጥያቄ፦ መኪና ተከራይቼ ራሴ ልነዳ ነው። ከቤንጋሉሩ እነሳለሁ። ምን ይጠብቀኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ ፈቃድ። ከሜይ 7፣ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ኡቲ ወዳለበት የኒልጊሪ አውራጃ የሚገባ፣ ሌላ ቦታ የተመዘገበ (የውጭ) መኪና ሁሉ ኢ-ፓስ የሚባል የመግቢያ ፈቃድ ይጠየቃል። ነፃ ነው፣ በኢንተርኔት ይሞላል። በ2025 ከኤፕሪል እስከ ጁን በሥራ ቀን 6,000፣ ቅዳሜና እሑድ 8,000 መኪና ብቻ ነበር የተፈቀደው፤ ስለዚህ በዚያ ወቅት ሆቴል ከመያዝዎ በፊት ፓስዎን ይያዙ። በአውቶቡስና በባቡር ለሚመጣ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ከማይሱሩ በኋላ በባንዲፑር ጫካ የሚያልፈው መንገድ ለዱር እንስሳት ሲባል ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ይዘጋል። በዚያ ሰዓት የደረሰ በር ላይ ያድራል።

ባንዲፑርን አልፈው ቴፓካዱ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በማሲናጉዲና ካልሃቲ የሚያልፈው ያጥራል፣ ግን 36 እንደ ክርን የሚታጠፉ ኩርባዎች አሉት፤ በተደጋጋሚ አደጋ ምክንያትም የውጭ መኪኖች እንዳይወርዱበት ክልከላ ወጥቶበታል። በጉዳሉር ይሂዱ። ይረዝማል፣ ይሻላል።

በቁልቁለት ሰው የሚጎዳው በፍጥነት ብቻ አይደለም። ፍሬኑን ሳይለቁ ረግጦ መውረድ ሸራውንና ዲስኩን ያግላል፤ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሲደርስ ዘይቱ ይፈላና አረፋ ይሠራል። አረፋ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ልስልስ ብሎ ወደ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። በሚወጡበት ማርሽ ይውረዱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ነው። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ዝቅ አድርገው ይያዙት። ፍሬን ጠበቅ አድርገው ይርገጡና ይልቀቁ። የተቃጠለ ነገር ከሸተተዎት ሜዳ ቦታ ቆመው ግማሽ ሰዓት ያህል ያብርዱ፤ ውሃ አያፍሱበት፣ የጋለ ዲስክ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሕንድ በግራ በኩል ነው የሚነዳው። በኩርባ ላይ ቅድሚያ ለሚወጣው ነው፤ ከመታጠፍዎ በፊት ክላክስ ያሰሙ። እዚያ ክላክስ ስድብ አይደለም፣ «አለሁ» ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሕንድ ሞቃት ነው፤ ሹራብ መሸከም ያስፈልገናል?

መልስ፦ ያስፈልጋችኋል። ኡቲ 2,240 ሜትር ላይ ነው። በታኅሣሥና በጥር ቀኑ 20 ዲግሪ ገደማ ደርሶ፣ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ተጠግቶ ረባዳ ቦታ ባለው ሣር ላይ ውርጭ ሊያድር ይችላል። ብዙ ሆቴሎች ክፍል አያሞቁም፤ ስትይዙ ማሞቂያ መኖሩንና ሙቅ ውሃ በስንት ሰዓት እንደሚለቀቅ ጠይቁ። ውሃ በብረት ኮዳ ያዙ፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ በአውራጃው የተከለከለ ስለሆነ ኬላ ላይ ይወሰድባችኋል። ጉዞ የሚያጥወለውለው ልጅ ካለ መድኃኒቱን ሐኪም ባዘዘው መጠን ዳገቱ ከመጀመሩ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ስጡት፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ ከኡቲ የባሕር ዛፍ ዘይት አምጡልኝ ተብያለሁ። እውነተኛውን በምን ልለይ?

መልስ፦ ሻጩን አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ እንዲያንጠባጥብልዎ ይጠይቁና ወረቀቱን ኪስዎ ይክተቱት። ንጹሑ ዘይት ተኖ ያልቃል። ከሰዓታት በኋላ ብርሃን የሚያሳልፍ የቅባት ክብ ከቀረ የምግብ ዘይት ተቀላቅሎበታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ያስንጠባጥቡ፣ ከኡቲ ሲመለሱ ይግዙ። ወረቀቱ የማይዘው ተርፐንታይን የመሰለ የሚተን ነገር ሲቀላቀል ነው፤ እሱን አፍንጫ ካልለየው ከታወቀ መደብር መግዛት ነው። ቤት ሲደርስ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ፤ ትንሽ መጠን እንኳ ቢዋጥ ሕፃንን ክፉኛ ይመርዛል።