ኤልዲኤል 162፦ አጃው ይቀጥል፣ እንክብሎቹ ይቆዩ

ጥያቄው ባጭሩ፦ ኤልዲኤል (መጥፎ የሚባለው የደም ኮሌስትሮል) 162 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወጥቷል፤ ሐኪሙ «ሦስት ወር በምግብ ይሞክሩና ይመለሱ» ብሏል፤ ጠያቂዋ ጠዋት ጠዋት አጃ ጀምረዋል፤ አሁን የዓሣ ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርትና የቀይ እርሾ ሩዝ እንክብል ሊጨምሩበት አስበዋል።

እህቴ፣ አጃውን ይቀጥሉ፣ መጠኑን ግን ያስተካክሉ። እንክብሎቹን ለጊዜው አይግዙ።

ጉበት ሐሞት የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። ወደ አንጀት ከፈሰሰው ሐሞት አብዛኛው ተመልሶ ይመጠጥና ወደ ጉበት ይሄዳል። አጃ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የሚባል ፋይበር ውሃ ሲያገኝ ይዝለገለግና የሐሞቱን ከፊል ይዞት ይወጣል። ጉበትም የጎደለውን ለመተካት ኤልዲኤልን ከደም ይስባል። እንግዲህ ሥራውን የሚሠራው ዝልግልጉ ነው። የስንዴ ፉርሽካ ለሆድ ድርቀት ጥሩ ሆኖ ሳለ ኤልዲኤልን የማያወርደውም ስለማይዝለገለግ ነው።

በቀን የሚያስፈልገው 3 ግራም ቤታ ግሉካን ነው። 100 ግራም ደረቅ አጃ 4 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ 75 ግራም፣ ሳይበስል ተመዝኖ። «አጃ በልቼ ምንም አልወረደልኝም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚበላው አንድ ሳህን፣ 40 ግራም ያህል ነው፤ ከሚፈለገው ከግማሽ ብዙም አይዘልም። ጠዋትና ማታ ይከፋፍሉት። በአጃ ስም የሚሸጥ ብስኩትን አይቁጠሩት። ሁሉም በትክክል ሲሄድ ቅናሹ ከ5 እስከ 7 በመቶ ነው፤ በእርስዎ ቁጥር ከ8 እስከ 11 ነጥብ።

ከአጃው ቀጥሎ እኔ የማስቀድመው ሲሊየምን፣ ማለትም በፋይበር የበለጸገ የአንድ ተክል ዘር ገለባን ነው። የሲሊየም ገለባ በብርጭቆ ውሃ ላይ ነስንሰው ቢያማስሉት መጀመሪያ እንደ አቧራ ይንሳፈፋል፤ ጥቂት ደቂቃ ቢተዉት ግን ተልባ ተዘፍዝፎ እንደሚያወጣው ዓይነት ዝልግልግ ይሆናል፣ ማንኪያውም ይከብዳል። ያ በአንጀት ውስጥ ሲሆን ነው የምንፈልገው፤ ጉሮሮ ላይ ከሆነ ያንቃል። ስለዚህ ደረቁን ፈጽሞ አይዋጡት። ለ5 ግራም ቢያንስ 240 ሚሊሊትር ውሃ፣ እንዳማሰሉት ወዲያው ይጠጡና ሌላ ውሃ ያስከትሉ። የመዋጥ ችግር ወይም የአንጀት ጥበት ያለበት ሰው አይጀምረው።

መድረሻው በቀን 10 ግራም ነው፣ ለሁለት ተከፍሎ። በ3 ግራም ይጀምሩና በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ። በመጀመሪያው ቀን 10 ግራም የጠጣ ሰው ሆዱ ይነፋና በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን ይለኩ፤ የደቀቀው ከሙሉው ገለባ ይከብዳል። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ቢያንስ 2 ሰዓት ያራርቁ፣ የታይሮይድ ሆርሞን ከሆነ 4 ሰዓት፤ ዝልግልጉ መድኃኒቱንም ይይዛልና።

የዕፅዋት ስቴሮል (በዕፅዋት ውስጥ ያለ ኮሌስትሮል መሰል ቅባት) የተጨመረበት ምግብ በቀን 2 ግራም ስቴሮል ሲሰጥ ኤልዲኤልን ከ8 እስከ 10 በመቶ ያወርዳል፤ ከ3 ግራም በላይ ግን ብዙም ጥቅም የለውም። ስቴሮሉ አንጀት ውስጥ የኮሌስትሮልን ቦታ ስለሚሻማ ከዋና ምግብ ጋር መወሰድ አለበት፤ በባዶ ሆድ ከሆነ አብዛኛው ይባክናል። መለያው ላይ «ስቴሮል ኤስተር» ከተጻፈ ቁጥሩን እንዳለ አይውሰዱት፤ 2 ግራም ስቴሮል ለማግኘት 3.3 ግራም ገደማ ኤስተር ያስፈልጋል። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት አይመከርም።

ወደ እንክብሎቹ እንምጣ። የዓሣ ዘይት የሚያወርደው ትራይግሊሰራይድ የተባለውን ሌላ የደም ቅባት ነው፤ ኤልዲኤልን አያወርድም፣ አንዳንዱ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ነጭ ሽንኩርት በወጥ ውስጥ ይቆይ፤ እንክብሉ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው የመድማት አደጋ አለው። በ2022 በወጣ ጥናት ስድስት ሰፕልመንቶች፣ እነዚህ ሦስቱም ያሉበት፣ ለ28 ቀን ከ5 ሚሊግራም ሮሱቫስታቲን (ስታቲን ከሚባሉት የኮሌስትሮል ማውረጃ መድኃኒቶች አንዱ) ጋር ተወዳድረዋል። መድኃኒቱ ኤልዲኤልን 38 በመቶ ገደማ ሲያወርድ፣ ከስድስቱ አንዱም ባዶ እንክብል ከሰጠው የተሻለ አላወረደም። ከስድስቱ አንዱ የስቴሮል እንክብል እንደነበር አልደብቅም፤ ሲሊየምን ከስቴሮል ያስቀደምኩትም፣ ስቴሮሉን በምግብ እንጂ በእንክብል ያላልኩትም ለዚህ ነው።

ቀይ እርሾ ሩዝ ለብቻው ይታይ። ውስጡ ያለው ሞናኮሊን ኬ በኬሚስትሪ ሎቫስታቲን ነው፤ ማለትም ስሙን የቀየረ ስታቲን። መጠኑ ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል፣ ኩላሊት የሚጎዳ ሲትሪኒን የተባለ መርዝም ሊገኝበት ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 የሞናኮሊኑ የቀን መጠን ከ3 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ወስኗል። ከስታቲን ጋር ወይም በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም። ስታቲን ካስፈለገዎት መጠኑ የታወቀውን ሐኪም ይዘዝልዎ።

ስንት ይጠብቁ? የቶሮንቶው ዴቪድ ጄንኪንስ ቡድን ዝልግልግ ፋይበር፣ ስቴሮል፣ የአኩሪ አተር ፕሮቲንና ለውዝ አጣምሮ በ2003 ባሳተመው ጥናት፣ ምግቡ ተዘጋጅቶ ሲሰጥ ኤልዲኤል በአንድ ወር 29 በመቶ ገደማ ወርዷል። በ2011 ሰዎች ምክሩን ይዘው ራሳቸው ሲያበስሉ ግን በስድስት ወር 13 በመቶ አካባቢ ነበር። ለእርስዎ ሁለተኛው ቁጥር ይቀርባል፤ ከ162 ወደ 141 ገደማ። ያውም ቅቤና የኮኮናት ዘይት በፈሳሽ የአትክልት ዘይት ከተተኩ ነው። ቡናም በወረቀት ማጣሪያ ቢጠለል ይሻላል፤ ሳይጠለል የሚጠጣው ኤልዲኤል የሚጨምር ቅባት አለበት።

መጀመሪያ የታይሮይድ ምርመራ ይጠይቁ፤ ኤልዲኤሉን ከፍ ያደረገው የታይሮይድ ድካም ከሆነ አጃ አያድነውም። አጃውንና ሲሊየሙን ሙሉ መጠን ካደረሱ ከ6 ሳምንት በኋላ ይመርመሩ፣ ስቴሮሉን ከዚያ ወዲያ ይጨምሩ፤ የትኛው እንደሠራ የሚታወቀው እንዲህ ነው። በዚያ ሰሞን ትኩሳት ወይም ሌላ ሕመም ከነበረ ምርመራውን ያዘግዩ፤ ሕመም ኤልዲኤልን ለጊዜው ያወርደዋልና ቁጥሩ ያታልላል። ኤልዲኤሉ 190 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም በቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገተኛ የልብ ሕመም የተመታ ያለበት ሌላ አንባቢ ካለ ደግሞ ሦስቱን ወር አይጠብቅ።