«ለወረዳችን አምቡላንስና ሆስፒታል ከመንግሥት ምን ማግኘት እንችላለን?» ላልሽው መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆነሽ ከተመደብሽ ገና ጥቂት ወር እንደሆነሽ፣ አምቡላንሳችሁ ከቆመች እንደሰነበተች፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታላችሁም መድኃኒት ጨርሶ ታካሚውን ወደ ውጭ ፋርማሲ እየላከ እንደሆነ ጽፈሽ «ከመንግሥት ፕሮግራሞች የትኛውን በር እናንኳኳ?» ብለሻል። እኔ በአንድ የገጠር የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በነርስነት ጀምሬ፣ የድንገተኛ ክፍልና የላይዘን (የታካሚ ቅብብል) አስተባባሪ ሆኜ፣ በመጨረሻም በሥራ አስኪያጅነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለዚህ መልሴ ይረዝማል፤ ታገሽኝ።

አዲስ መኪና ለመጠየቅ ደብዳቤ ከመጻፍሽ በፊት ያለችው ለምን እንደቆመች ቁጭ ብለሽ አጣሪ። ይህን የምልሽ ከአንድ የነሐሴ ሌሊት ወዲህ ነው። ከአንዲት ሩቅ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደወለች፤ ምጥ የጠናባት እናት ደም እየፈሰሳት ነው። አምቡላንሷ በወረዳው ግቢ ቆማለች። ሞተሯ ደህና ነው። የጎደላት ሁለት ጎማ ነበር። የጎማው ግዥ ጥያቄ በሁለት ጽሕፈት ቤቶች መካከል ሲመላለስ ከወር በላይ ሆኖታል፤ አንዱ «በጀት አልተያዘለትም» ይላል፣ ሌላው «ከነዳጁ አዛውሩ» ይላል። የቀበሌው ሰው እናቲቱን በቃሬዛ ተሸክሞ፣ ዝናብ እየወረደበት፣ ጭቃ ለጭቃ መጥቶ ሊነጋጋ ሲል አደረሳት። እሷን አተረፍናት፤ ልጁን ግን አላተረፍንም። ተሸካሚዎቹ ሲመለሱ በወረዳው ግቢ በር ሲያልፉ ያቺን ነጭ ላንድክሩዘር ቆማ አዩዋት። አንድም ቃል አልተናገሩም። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

መኪና የሚሰጥ ፕሮግራም አለ፤ ጎማ የሚሰጥ ፕሮግራም ግን እኔ አላየሁም። ጤና ሚኒስቴር ለእያንዳንዱ ወረዳ ቢያንስ አንድ አምቡላንስ እንዲደርስ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪናዎችን አከፋፍሏል። ትልቅ ሥራ ነበር፤ ብዙ እናት አድኗል። የነዳጁ፣ የጥገናውና የሾፌሩ ወጪ ግን ለወረዳው ተተወ። የወረዳ በጀት ደግሞ አንቺም እንደምታውቂው አብዛኛው ደመወዝ ነው። የተረፈችው ሥራ ማስኬጃ ለሁሉም ጽሕፈት ቤት ስትቆራረስ አምቡላንሷ «ልዩ ልዩ ወጪ» ከሚለው ሥር ትወድቃለች። እዚያ የወደቀ ነገር ጥር ላይ ያልቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው የመንግሥት ፕሮግራም የራሳችሁ የወረዳ የጤና ዕቅድ ነው። ዕቅዱ ከታች ከቀበሌ ጀምሮ ሲዘጋጅ አምቡላንሷ የራሷ መስመር ይኑራት፦ ነዳጅ በኪሎ ሜትር ተሰልቶ፣ ጎማ፣ ዘይትና ሰርቪስ፣ የሁለት ሾፌር ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የስልክ ካርድ ጭምር። ሁለት ሾፌር የምልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ሾፌር ያለው ወረዳ አምቡላንስ ያለው ሰውየው ባልተኛበት ሰዓት ብቻ ነው ማለት ነው። ይህ ሁሉ በጀቱ ሐምሌ 1 ከመጀመሩ በፊት በወረዳው ምክር ቤት መጽደቅ አለበት። ከዚያ በኋላ የምትጠይቂው ሁሉ ልመና ይሆናል።

ምክር ቤቱን የሚያሳምነው የጉዞ መመዝገቢያ ደብተር ነው። እኛ ጋ ደብተሩ በሾፌሩ እጅ ነበር፤ «ቀን፣ መነሻ፣ መድረሻ» ብቻ ነበር የሚሞላበት። እኔ ሳስተባብር የተደወለበትን ሰዓት፣ መኪናዋ የተነሳችበትን ሰዓት፣ ታካሚው ጋ የደረሰችበትን፣ ሆስፒታል የገባችበትን፣ የታካሚውን ችግርና ኪሎ ሜትሩን ጨመርንበት። ያልተሄደበት ጥሪም ከነምክንያቱ እንዲጻፍ አደረግን፤ ይህኛው ነው ለውጥ ያመጣው። የምክር ቤት አባላት የራሳቸው ቀበሌ እናት ስትጠራ «ነዳጅ የለም» ተብሎ የተጻፈበትን ገጽ ሲያነቡ ክርክሩ አጭር ሆነ። ያው ደብተር ሌላም ነገር አሳየ፤ መኪናዋ ታካሚ ሳትጭን የሄደችባቸውን የስብሰባና የመስክ ጉዞዎች። ይህን ማንሳት ወዳጅ ያሳጣል፤ እኔንም አሳጥቶኛል። ግን አምቡላንስ ለባለሥልጣን ማመላለሻ እየሆነች ለነዳጅ ተጨማሪ ገንዘብ መጠየቅ ሕሊና አይፈቅድም።

አሁን ወደ ሆስፒታሉ ልሂድ። ከሁሉ በላይ ልትጨነቂበት የሚገባው የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው፤ ቤተሰቡ በየዓመቱ መዋጮ ከፍሎ ሲታመም በካርዱ የሚታከምበት ማለት ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ብዙዎቻችን «ገበሬ ሳይታመም አይከፍልም» ብለን ነበር፤ ተሳስተን ነበር። ዛሬ ብዙ የገጠር ሆስፒታል ከታካሚ ኪስ ከሚያገኘው ይልቅ ከመድኑ የሚያገኘው ይበልጣል። መንግሥት በሁለት መንገድ ይደጉመዋል፦ በአጠቃላይ ለአባላቱ በፌዴራል ድጎማ፣ መክፈል ለማይችሉት ደግሞ ክልሉና ወረዳው መዋጮውን በመሸፈን። ያንቺ ሥራ እዚህ ላይ ነው። የድሆቹ ዝርዝር በቀበሌ በትክክል ካልተለየና ወረዳው የድርሻውን በወቅቱ ካላስገባ፣ ሰዎቹ ካርድ ይዘው ይታከማሉ፤ ሆስፒታሉ ግን የማይመለስ ሂሳብ ይሸከማል። ከዚያ መድኃኒት ቤቱ ባዶ ይሆናል። ከዚያ አባሉ «ካርዱ ምን ይሠራልኛል» ብሎ በሚቀጥለው ዓመት አያድስም። ሆስፒታላችሁ መድኃኒት የጨረሰው በዚህ መንገድ ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ ይህን አጣሪ።

ሌላው ችግር ከሆስፒታሉ ወገን ነው። እኛ ጋ የክፍያ ጥያቄ ሲመለስብን መድኑን እንረግም ነበር። በኋላ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ስናገላብጥ ጥፋቱ በአብዛኛው የእኛው ነበር፦ የአባልነት ቁጥር ያልተጻፈበት፣ ምርመራና መድኃኒት የማይጣጣሙበት፣ የሐኪም ፊርማ የሌለበት። አንድ ጠንቃቃ ካርድ ክፍል ሠራተኛና አንድ ፋርማሲስት መድበን በየሳምንቱ እንዲያጣሩ አደረግን፤ ሩብ ዓመቱ እስኪያልቅ አንጠብቅም። ሪፈር (የማስተላለፊያ ወረቀት) ሳይዝ ጤና ጣቢያውን ዘሎ የመጣ አባል ወጪውን በከፊል ራሱ እንዲሸፍን ይደረጋል፤ ድንገተኛ ታካሚ ግን በዚህ መጉላላት ስለሌለበት ድንገተኛ መሆኑ ካርዱ ላይ በግልጽ መጻፉን ተከታተሉ።

ብዙ ሆስፒታል የማይጠይቀው ሌላ ገንዘብም አለ። ሆስፒታላችሁ በአስፋልት ዳር ከሆነ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው በየሳምንቱ ይመጣላችኋል። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ተጎጂው አስቸኳይ ህክምና እንዲያገኝ ያዛል፤ ወጪውም እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ (አዋጁ ሲወጣ 2,000 ብር ነበር) በመድን ሥርዓቱ በኩል ለጤና ተቋሙ እንዲከፈል ደንግጓል። እኛ ለዓመታት «ቤተሰብ የለውም፣ ገንዘብ የለውም» እያልን በነፃ መዝገብ ላይ እንጽፍ ነበር፤ ጠይቆ ማስመለስ ይቻል እንደነበር ያወቅነው አንድ የትራፊክ ፖሊስ ሲነግረን ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው ትይ ይሆናል። ለአንድ ሰው አዎ፤ አንድ አውቶቡስ ተገልብጦ የመጣውን ሁሉ ስትደምሪ ግን የጓንት፣ የግሉኮስና የስፌት ክር ወጪ ይሸፍናል። ዘዴው ታካሚው ሳይወጣ የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃውን መያዝና የወጪ ዝርዝሩን በዚያው ቀን ማዘጋጀት ነው። ከወር በኋላ ማስረጃ የሚያመጣልሽ የለም።

የውስጥ ገቢን በተመለከተ፣ በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ካስከተላቸው ለውጦች ትልቁ ተቋማት የሰበሰቡትን ይዘው እንዲጠቀሙበት መፍቀዱ ነው። የውስጥ ገቢው ከመንግሥት በጀት በተጨማሪ እንጂ በምትኩ አይደለም። ይህን ለገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ በጨዋ ደንብ ግን ሳትታክቺ አስታውሺ፤ ምክንያቱም «እናንተ ገቢ አላችሁ» እየተባለ መደበኛው በጀት ሲቀነስ አይቻለሁ። ከመድኃኒት ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ ደግሞ ለመድኃኒት መግዣ ብቻ ይዋል፤ ለአበልና ለእድሳት አንዴ ከተነካ መደርደሪያው ተመልሶ አይሞላም። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች የተስፋፋው ኤፒቲኤስ የሚባለው ኦዲት የሚደረግ የመድኃኒት አሠራር እኛን ከዚህ ፈተና አውጥቶናል፤ በሆስፒታላችሁ ከሌለ ክልላችሁ ስልጠናውን እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ወሊድ፣ ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳ ህክምና የመሳሰሉት በመንግሥት ፖሊሲ ነፃ ናቸው፤ ነፃ መሆንም አለባቸው። ለታካሚዋ ነፃ ይሁን እንጂ ጓንቱን፣ የአልጋ ልብሱን፣ የጄኔሬተሩን ናፍጣ የሚከፍለው ሆስፒታሉ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ምን ያህል እንዳወጣችሁ መዝግባችሁ ለቦርዱና ለዞኑ በቁጥር አቅርቡ። ቁጥር ይዘን የሄድንባቸው ዓመታትና «ተቸግረናል» ብለን የሄድንባቸው ዓመታት ውጤታቸው አንድ አልነበረም።

አዲስ አምቡላንስ በእርግጥ የሚያስፈልግ ከሆነ መንገዱ በዞንና በክልል ጤና ቢሮ በኩል ነው። ሚኒስቴሩ መኪናና መሣሪያ የሚገዛው በአብዛኛው ለጋሾች ገንዘባቸውን በጋራ ከሚያስገቡበት ከዘላቂ ልማት ግቦች የአፈጻጸም ፈንድ ነው። ጥያቄያችሁ ላይ የጉዞ ደብተሩን ማጠቃለያና ምክር ቤቱ ማስኬጃ በጀት ያጸደቀበትን ቃለ ጉባኤ አያይዙ። ቀይ መስቀልንም አትርሺ። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመ አንጋፋ ማህበር ነው፤ አምቡላንስ ያለው ቅርንጫፍ በአቅራቢያችሁ ካለ የተረኛ መርሐ ግብር በጋራ አውጡ። በአንድ ከተማ ሁለት አምቡላንስ እያለ ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ የሄዱበትን ቀን አይቻለሁ።

ባለሙያ በሚመለከት፣ አምቡላንሷ ውስጥ ከሾፌሩ ጋር የድንገተኛ ህክምና ቴክኒሽያን ወይም ቢያንስ የሰለጠነ ነርስ ይሳፈር። ሆስፒታሉ የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ህክምና ባለሙያና ሰመመን ሰጪ ከሌለው ደግሞ አምቡላንሱ እናቲቱን ከአንዱ ችግር ወደ ሌላው ማድረስ ብቻ ነው የሚሆነው። ሁለቱንም አንድ ላይ ጠይቁ። አንዱ ብቻ ሲመጣ፣ ቀዶ ህክምና ክፍሉ ተቆልፎ ባለሙያው በካርድ ክፍል ሲቀመጥ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉም ርካሽ ሆኖ ከሁሉም የምንንቀው አለ፦ የእናቶች ማቆያ። ክረምት ላይ መኪና የማይገባባቸው ቀበሌዎች እንዳሏችሁ እገምታለሁ። እዚያ ምንም ያህል አምቡላንስ ቢገዛ አይደርስም። እናቲቱ ቀኗ ሲቃረብ ጤና ጣቢያ አጠገብ መጥታ እንድትቆይ ማድረግ ይቻላል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ነፍሰ ጡሮቹን በስም ያውቋቸዋል። እኛ ጋ ቤቱን መንግሥት ሠራው፤ እህሉን፣ ቡናውንና ማገዶውን ያገሬው ሰው አዋጣ። ሴቶቹ ግን ለመምጣት ያመነቱ ነበር፤ ምክንያቱን ስንጠይቅ አልጋው አልነበረም ችግሩ፣ ገንፎ የሚገነፋበት ቦታ አለመኖሩና እቤት የቀሩት ልጆች ነበሩ። ማዕድ ቤት ጨመርን፤ ትንሹን ልጅ ይዞ መምጣት ፈቀድን፤ ከዚያ ሞላ። የቃሬዛ ማህበራቱንም አታፍርሺ። ተሸካሚዎቹ ታማሚውን እስከ መኪና መንገድ፣ አምቡላንሷ ከዚያ እስከ ሆስፒታል ብለን ነጥቡን በስም ተስማምተን ነበር፤ ማን የት እንደሚጠብቅ ሁሉም ያውቅ ነበር።

የጎማውን፣ የመድኑንና የደብተሩን ነገር በዚህ ሩብ ዓመት መጀመር ትችያለሽ፤ ሌላው ጊዜ ይወስዳል። ከሁሉ በፊት ግን አምቡላንሷ ተጠግና በወጣች በመጀመሪያው ሳምንት፣ ማንነትሽን ሳትናገሪ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ለሕዝብ በተሰጠው ቁጥር ደውዪ። ማን እንዳነሳው፣ ከስንት ጥሪ በኋላ እንዳነሳው፣ ምን እንዳለሽ እዚሁ ጻፊልን፤ ከዚያ ተነስተን እንቀጥላለን።