ካታሊስቱን ከመጣልሽ በፊት የፕላቲነም ሽቦሽን ጠርጥሪ

አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ጽፋልኛለች። ካርቦን ዳይኦክሳይድን በኤሌክትሪክ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚቀይር ካታሊስት (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) እንዲሆናት ኮፍ-366-ኮባልት የሚባለውን ማቴሪያል ሠርታ የካርቦን ወረቀት ላይ ቀብታዋለች። እንደ እንጀራ ዓይናማ የሆነ፣ በየዓይኑ ዙሪያ ኮባልት የያዘ ኦርጋኒክ ዱቄት ነው። በ0.5 ሞላር ፖታሲየም ባይካርቦኔት ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየነፋች ታሠራዋለች። ተቃራኒው ኤሌክትሮድ እዚያው ዕቃ ውስጥ ያለ የፕላቲነም ሽቦ ነው። «መጀመሪያ የሚወጣው በአብዛኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ሃይድሮጅን ይበዛል፣ ከረንቱም ይጨምራል። ካታሊስቴ ሞተ?» ትላለች።

እህቴ፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። ካታሊስት ሲሞት ወይም ዱቄቱ ከወረቀቱ ሲላቀቅ ከረንቱ ይወርዳል። ከረንቱ እየጨመረ ሃይድሮጅን ከበዛ፣ ኮፍሽ ላይ ሌላ ብረት ተለጥፎ ውሃውን እየሰነጠቀ እንደሆነ ጠርጥሪ።

ፕላቲነም አይነኬ ይመስለናል። አኖድ (እዚህ ተቃራኒው ኤሌክትሮድ) ሲሆን ግን በጥቂቱ ይሟሟል። የሟሟው ተጉዞ ካቶዱ (ኮፍ የተቀባው ኤሌክትሮድ) ላይ ያርፋል። ሃይድሮጅን በማውጣት ደግሞ የሚስተካከለው የለም፤ በዓይን የማይታይ መጠን ይበቃዋል። እኔም አንድ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዱቄቱን ስረግም ከርሜ፣ ጥፋቱ የሽቦዋ ሆኖ አገኘሁት።

ሽቦውን አውጪና ግራፋይት ዘንግ ተኪበት። ሁለቱን ኤሌክትሮዶች በየክፍላቸው አድርገሽ መሃላቸው የናፊዮን ሜምብሬን (አዮን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን) አስገቢ። የተበከለውን ኤሌክትሮድ አትድገሚው፤ አዲስ ቀቢ። የመስታወት ዕቃውን በናይትሪክ አሲድ እጠቢ። ጨውሽም ጥርጣሬ ውስጥ ነው፤ ንጹሕ ተብሎ የሚሸጥ ባይካርቦኔት የብረት ርዝራዥ አያጣም። የብረት አዮኖችን ይዞ በሚያስቀር ኬሌክስ በተባለ ሬዚን አሳልፊው።

ያኔም ሃይድሮጅኑ ካልቀነሰ የቀባሽውን ውፍረት እዪ። ኮፍ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። ካርቦን ዳይኦክሳይድም ውሃ ውስጥ የሚሟሟው 33 ሚሊሞላር ገደማ ብቻ ነው። ወፍራም ሲቀባ ውስጠኛው ክፍል ጋዙ አይደርሰውም። ስስ አድርጊውና ከካርቦን ናኖቲዩብ ጋር ቀላቅይው።

ቮልቴጅሽንም አረጋግጪ። የበርክሊ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 90 በመቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያገኙበት −0.67 ቮልት የሚለካው ከሪቨርሲብል ሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ (ከፒኤች ጋር አብሮ ከሚቀያየር የቮልት መነሻ) አንጻር ነው። በሲልቨር/ሲልቨር ክሎራይድ ሪፈረንስ ኤሌክትሮድ፣ በፒኤች 7.2፣ ወደ −1.29 ቮልት ይሆናል። ይህን የሚያምታታው ሰው ብዙ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ በካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፋንታ አርጎን እየነፋሽ ሞክሪ። ያኔም ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ከወጣ ምንጩ ጋዝሽ አይደለም፤ ማዕቀፉ ራሱ እየፈረሰ ሊሆን ይችላል። ለጽሑፍሽ ካርቦን-13 (ከተለመደው ከበድ ያለ የካርቦን ዓይነት) ያለበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠቅመሽ ብታረጋግጪው ገምጋሚ አያስቸግርሽም።

የጋዝ ክሮማቶግራፉን (የወጡትን ጋዞች ለይቶ የሚለካውን መሣሪያ) መውጫ ቱቦ ሁድ (ጋዝ ወደ ውጭ የሚስብ የቤተ ሙከራ ሳጥን) ውስጥ አስገቢው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ጠረጴዛሽ አጠገብ ማንቂያ ደወል ይኑር።