ባለቤትህ የጠየቀችህን መልስላት

ጥያቄ፦ የ32 ዓመት ወጣት ነኝ። በኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ፤ በላቦራቶሪ ውስጥ በጥራት ቁጥጥር ሥራ ላይ ነኝ። ደመወዙ ጥሩ ነው። ልቤ ግን ከተማሪነቴ ጀምሮ ያለው ድርሰት ላይ ነው። መምህራኖቼም ጓደኞቼም «አንተ የተፈጠርከው ለጽሑፍ ነው» ይሉኝ ነበር። ሥራዬን ለቅቄ ልቦለድ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ባለቤቴ ግን ልትረዳኝ አልቻለችም። በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓመት ተጨቃጭቀናል። በቅርቡ ደግሞ «ሥራህን በለቀቅህ ማግስት ጠዋት ተነሥተህ ምን ትጽፋለህ?» ብላ አፌዘችብኝ። ከእሷና ከሕልሜ የቱን ልምረጥ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልብህ በሌለበት ሥራ ላይ ውሎ ማምሸት ምን ያህል እንደሚያደክም አውቃለሁ፤ ድካምህን አላቃልለውም። ደብዳቤህን ግን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር አጣሁበት። ስለ ደመወዝህ፣ ስለ ጭቅጭቁ፣ ሰዎች ስለ ተሰጥኦህ ስለ ተናገሩት ሁሉ ነግረኸኛል። ስለምትጽፈው ታሪክ አንድ መስመር እንኳን የለም። ስለ ማን ነው? የት ደርሷል? የትኛው ገጸ ባሕርይ አልታዘዝ አለህ? ከጻፍከው ላይ አንድ ገጽ ለባለቤትህ አንብበህላት እንደ ሆነም አልገለጽክም።

ጥያቄዋን እንደ ፌዝ ቆጥረኸዋል። በደብዳቤህ ውስጥ ስለ ጽሑፍህ የሚጠይቅ ዓረፍተ ነገር ግን የእሷ ብቻ ነው። «በምን እንኖራለን?» ልትልህ ትችል ነበር። «ሰው ምን ይለናል?» ልትልህም ትችል ነበር። እሷ የጠየቀችህ ምን እንደምትጽፍ ነው። በእርግጥ በምን ድምፅ እንደ ተናገረችው አልሰማሁም፤ ሁለት ዓመት የተጨቃጨቀ ሰው ደግ ጥያቄ እንኳን ሻክሮ ይወጣዋል። ቢሆንም እንደዚያ የጎዳህ መልሱን ስላላገኘኸው እንዳይሆን እሰጋለሁ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ስቲቨን በርግላስና ኤድዋርድ ጆንስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ። ለተማሪዎች ጥያቄዎች ሰጡ፤ ለአንደኛው ቡድን የደረሱት አብዛኞቹ መልስ የሌላቸው ነበሩ። በግምት የሠሩትን እነዚህን ተማሪዎች «እጅግ ጎበዞች ናችሁ» አሏቸው። ከሁለተኛው ፈተና በፊት ከሁለት መድኃኒቶች አንዱን እንዲመርጡ ጠየቋቸው፤ አንዱ አእምሮን ያነቃል፣ ሌላው ያደነዝዛል ተብሎ ተነገራቸው። በምን እንደ ተመሰገኑ ያላወቁት፣ በተለይ ወንዶቹ፣ የሚያደነዝዘውን ወደ መምረጥ አዘነበሉ። ቢወድቁ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ይሆናል፤ «ጎበዝ» የተባሉበት ስም አይነካም። በሙያችን ይህ ራስን የማሰናከል ዝንባሌ ይባላል።

ላንተም የምፈራው ይህን ነው። ከተማሪነትህ ጀምሮ ተመስግነሃል፤ ውዳሴው ደስ የሚያሰኘውን ያህል ያስፈራል። ተቀምጠህ ጽፈህ ሥራው ተራ ቢሆንስ? ያልተጻፈ ልቦለድን ማንም መጥፎ ነው ሊለው አይችልም። ባለቤትህ «አይሆንም» እስካለች ድረስም ተሰጥኦህ አይፈተንም። ይህን ሆን ብለህ ታደርገዋለህ ማለቴ አይደለም፤ ሰው እጅግ የሚሳሳለትን ነገር ከፈተና ያሸሻል። ዋጋውን የምትከፍለው ግን እሷ ናት፤ ያላነበበችውን ጽሑፍ እንደ ጠላች ተቆጥሮባት የሕልምህ ጠላት ሆና ትኖራለች። «ከእሷና ከሕልሜ» ብለህ ስትጠይቀኝ ያሳዘነኝ ይህ ነው። እሷ «ከእኔና ከጽሑፍህ ምረጥ» ማለቷን የሚያሳይ ቃል አላገኘሁም።

ሥራና ጥበብን ጎን ለጎን ማስኬድ ቀላል ነው ብዬ አላታልልህም። አሌክሳንደር ቦሮዲን የኬሚስትሪ ፕሮፌሰርም ስመ ጥር የሙዚቃ ደራሲም ነበር፤ በ1869 የጀመረውን ኦፔራ ግን በ1887 ሲሞት አልጨረሰውም ነበር፤ ሌሎች ሙዚቀኞች ጨረሱለት። ሁለት ሙያ መያዝ ጊዜ ይበላል። እሱ ግን የጀመረው፣ ሰው የሰማው፣ ሌሎች ሊያስቀጥሉት የቻሉት ሥራ ነበረው።

እኔ ብሆን መልቀቂያውን ለጥቂት ወራት አቆየው ነበር። አንድ አጭር ልቦለድ፣ ረጅሙን ሳይሆን አጭሩን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨርስና ለባለቤትህ አንብብላት። ያን ምሽት ስለ ሥራ መልቀቅ አታንሣ። ከዚያ በኋላ ጊዜው አልበቃህ ካለ፣ ምን ያህል ቁጠባ እንዳላችሁና ለስንት ወር እንደሚያዘልቃችሁ አብራችሁ አስሉ፤ ምናልባትም ያለ ደመወዝ ፈቃድ መጠየቅ ይቻል ይሆናል። ሁለት ዓመት የቆየ ጭቅጭቅ በአንድ ደብዳቤ መልስ ስለማይፈታ፣ ሁለታችሁም የጋብቻ አማካሪ ዘንድ አብራችሁ ብትቀርቡ እመርጣለሁ።

ተቀምጠህ ሞክረህ ብዕሩ አልንቀሳቀስ ካለህ ደግሞ አትደንግጥ። ምናልባት የፈለግከው ከላቦራቶሪው መውጣት ይሆናል፤ መጻፍ ደግሞ የምታውቀው ብቸኛ በር ሆኖብህ ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ ስለ ድርሰት ሳይሆን በሥራ ቦታህ ምን እንዳስመረረህ ለብቻህ ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ይኖርብሃል።