የጓሮ ኮክ ሁሉ አንድ ነው? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የቆዩ የኮክ ዛፎችን ልዩነት በምን እንመዝን በሚለው ላይ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ደጋግማችሁ ባነሳችኋቸው ልጀምር።

ጥያቄ፦ እናቴ ጓሮ ያሉት ኮኮች ሁሉም ከአንድ ዛፍ ዘር የበቀሉ ናቸው። ፍሬያቸው ግን ለምን አይመሳሰልም?

ኮክ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅለው። ልጆቹ ከእናታቸው ብዙም አይርቁም። ሆኖም አልፎ አልፎ ንብ ከሌላ ዛፍ የአበባ ብናኝ ታመጣለች። እናትየዋ ራሷ ድብልቅ ከሆነች ደግሞ የተደበቀው ጠባይ በልጆቿ ላይ ብቅ ይላል። ለምሳሌ የነጭ ሥጋ ጠባይ ቢጫውን ይጫነዋል። ስለዚህ ከነጭ ኮክ ዘር ቢጫ የሚያፈራ ዛፍ ቢወጣ አይግረማችሁ።

ጥያቄ፦ ዛፍ ከዛፍ ለመለየት የፍሬውን ትልቅነት ልመዝግብ?

መዝግብ፣ ግን ብዙ አትመነው። ውሃ፣ ፍግ፣ ግረዛና ዛፉ የተሸከመው የፍሬ ብዛት መጠኑን ይለውጡታል።

መጀመሪያ ቅጠሉን በጥስና እጀታው ከቅጠሉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ተመልከት። የክብሪት ራስ እንኳ የማያክሉ እብጠቶች ታያለህ። አንዱ ዛፍ ላይ ክብ ናቸው፣ ሌላው ላይ የኩላሊት ቅርጽ አላቸው፣ ጭራሽ የሌለውም አለ። ይህ በዘር የሚወረስ ምልክት ነው። እብጠት የሌላቸው ዛፎች ዱቄት መሰሉ ሻጋታ ቶሎ ይይዛቸዋል።

ቀጥሎ አበባው፦ ሰፋ ብሎ የሚፈካ ነው ወይስ ትንሽ ደወል መሰል? ከዚያ ፍሬውን ቁረጠው። ሥጋው ነጭ ነው ቢጫ? ዘሩ አጠገብ ቀይ ይሆናል? ዘሩ ተላቆ ይወጣል ወይስ ሙጭጭ ይላል? ከየዛፉ ቢያንስ አሥር እኩል የበሰሉ ፍሬዎች ከተለያየ አቅጣጫ ልቀምና መዝን። በአንድ ዓመት ምርት ብቻ አትፍረድ።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ እያለ ዲኤንኤ ምን ያደርጋል?

ዓይን የሚስተውን ይይዛል። በሁለት መንደር ሁለት ስም ያለው ኮክ አንድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ መንታ የሚመስሉ ዛፎችም በዘር ሊራራቁ ይችላሉ። ኮክ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። 8 ጥንድ ክሮሞዞም (ዲኤንኤውን የሚሸከሙ ክሮች) ብቻ ነው ያለው፤ ሙሉ የዘር ካርታው በ2013 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ናሙናው ለጋ ቅጠል ነው።

ጥያቄ፦ ከአልመንድ ጋር ይዳቀላል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። ድቅሉ በአብዛኛው ለሥር ግንድነት፣ ማለትም ሌላ ዝርያ ለሚጣበቅበት የታችኛው ክፍል፣ ያገለግላል።

ጥያቄ፦ ምርጥ የውጭ ዝርያ እያለ በአሮጌ ዛፍ ምን አደከማችሁ?

የአሜሪካን ነገር እዩት። በ1850 (እ.ኤ.አ.) «ቻይኒዝ ክሊንግ» የሚባል ኮክ ገባላቸው። ዝነኛው «ኤልበርታ» የእሱ ልጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ የወጡት ብዙዎቹ ዝርያዎችም ከዚሁ ዘር ይመዘዛሉ። ዘመድ በዘመድ ሲሆን አዲስ በሽታ በመጣ ቀን መፍትሔ የሚፈለግበት ቦታ ይጠባል።

ሌላው ብርድ ነው። ብዙ የውጭ ዝርያ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ 800 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ያን ካላገኘ አበባው ይዘበራረቃል፣ ፍሬውም ይሳሳል። እኛ ደጋ ላይ በየዓመቱ ደህና አብቦ የሚያፈራ የጓሮ ኮክ ይህን ፈተና አልፏል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ዛፍ ሳይመዘገብ ሲቆረጥ በጣም ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ የአያቴ ኮክ ለቤት ማስፋፊያ ሊቆረጥ ነው። ዘሩን ባስቀምጥ ይበቃል?

አይበቃም። ዘሩ የሚሰጥሽ ልጁን ነው እንጂ ራሱን ዛፉን አይደለም። ሳይቆረጥ በፊት ጤነኛ ቅርንጫፍ ውሰጂ፣ በእርጥብ ጨርቅና በፕላስቲክ ጠቅልዪው፣ ስሙንና ቦታውን ጻፊበት። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ግራፍት ለሚያደርግ (ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ላይ ለሚያጣብቅ) ችግኝ አፍይ አድርሺው። እሱ በኮክ ችግኝ ላይ ያጣብቅልሻል።