ሥጋውን ተውኩት፣ ኪሎዬ ግን አልተወኝም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 41 ነው፤ አራት ኪሎ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60፣ ኪሎዬ 84 ነው። ከፋሲካ ወዲህ ሥጋ እሑድ እሑድ ብቻ ነው የምበላው፤ ኪሎዬ ግን ንቅንቅ አላለም። የቀነሰ ነገር ቢኖር የቤታችን ዘይት ነው፣ ለ4 ሰው ባለ 5 ሊትሩ ከ20 ቀን አያልፍም። አንዷ ጓደኛዬ ኬቶ ጀምሪ ትላለች፣ ሌላዋ በቀን 16 ሰዓት ጹሚ ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ የፍስክ ምግብ ጭራሽ ልተው ወይ እያልኩ ነው። ቤተሰብ «ደም ያንስሻል» ብሎ ያስፈራራኛል። የትኛው ይሻለኛል? ስኳሬ በባዶ ሆድ 112 ነው። እናቴ በስኳር እግሯ ተቆርጦ ነው ያረፈችው። ለግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስዳለሁ። ለ3 ሳምንት የማቅጠኛ ሻይ ስጠጣ በመጀመሪያው ሳምንት 3 ኪሎ ጥሎልኝ ነበር፣ ከዚያ ተመልሶ መጣ። ሰሞኑን ሌሊት ባቴን ጨምድዶ ይይዘኛል። የሻዩን መጠን ልጨምር?

መልስ፦ ሻዩን መጨመር ቀርቶ ዛሬውኑ ያቁሙት። ምክንያቱን ከታች በሰፊው እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ደብዳቤዎ መሃል ጣል አድርገው ስላለፉት ነገር እንነጋገር፤ ኬቶ ወይስ ጾም የሚለው እንቅልፍ የነሳዎት አይመስለኝም፣ የእናትዎ እግር ነው።

112 የስኳር በሽታ አይደለም። ቢያንስ 8 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ የተለኩ ከሆነ፣ ከ100 በታች ደህና ነው፤ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር ይባላል፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ ነው ስኳር ያዘ የሚባለው። (ስኳር ያለው ሻይ ፉት ብለው ሄደው ከሆነ ልኬቱን እንዳልነበረ ይቁጠሩት።) እግር ማስቆረጥ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይመጣም። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፣ የደም ሥሩን ያጠባል፤ ከዚያ ጫማ የላጠው ትንሽ ቁስል ሳያም ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። እርስዎ ያሉት ከዚህ ሁሉ በፊት፣ መመለስ ከሚቻልበት ቦታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት እንደ እርስዎ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ገና ያልታመሙ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ተከታትሏል። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ላይ ስኳር የመያዝ ዕድሉ በ58 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ለእርስዎ 7 በመቶ ማለት 6 ኪሎ ገደማ ነው። 84ቱን 60 እንዲያደርጉት የጠየቀዎት የለም፤ መጀመሪያ 78 ይግቡ።

ወደ ምርጫው ስንመጣ ኬቶን ይርሱት። ኬቶ እንጀራውንም ሽሮውንም ምስሩንም ከማዕድ አንስቶ በሥጋ፣ በእንቁላልና በቅቤ ይተካል። ሥጋ መቀነስ ለሚፈልግና ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው በየሳምንቱ ሁለቴ የሚፈርስ ዕቅድ ነው። 16 ሰዓቱ አዲስ ነገር አይደለም፣ ጿሚው ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚያበላሸው አፈታቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ በአንድ መቀመጫ ሁለት እንጀራ ያነሳ ሰው የበላበትን ሰዓት ቀየረ እንጂ የበላውን አልቀነሰም። ስለዚህ የራስዎን መንገድ ይያዙ፣ ግን አያክርሩት። የጾሙ ምግብ መሠረት ይሁን፣ በፍስክ ቀን እንቁላልና ወተት ይኑር፣ ሥጋውም እሑድ ላይ ይቆይ። በሰባተኛው ወርም ሳይሰለቹ የሚበሉት ይኸው ነው።

ታዲያ ሥጋ ቀንሰው ለምን አልከሱም? መልሱን ራስዎ ጽፈውታል፤ ባለ 5 ሊትሩ ነው። 5 ሊትር ለ20 ቀን ማለት በቀን 250 ሚሊ ሊትር ነው። ለ4 ሲካፈል ለአንድ ሰው 60 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም 4 የሾርባ ማንኪያ ይደርሳል። አንዱ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ አለው። ከዘይት ብቻ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ይገባል ማለት ነው፤ አንድ ሙሉ እንጀራ ደርበው እንደ መብላት ይቁጠሩት። «የሚረጋው ነው የሚያወፍረው፣ የሱፍ ዘይት ምንም አይል» የሚሉም አሉ። ለልብ ልዩነት አላቸው፤ ለኪሎ ግን ሁለቱም ያው ናቸው።

ሽንኩርቱን በደረቁ ያቁላሉት፣ ድስቱን መያዝ ሲጀምር ውኃ ጠብ እያደረጉ። ቡላ ሲል ለ4 ሰው ድስት 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት በማንኪያ ለክተው ይጨምሩ። በርበሬው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፣ እንዳያርም ጠብታ ውኃ ይከተለው። ዘይት ከጄሪካን በቀጥታ ወደ ድስት አይፈስስም፤ እጅ ሁልጊዜ ያበዛል። ዘይቱ ከላይ ካልተንሳፈፈ ወጥ የማይመስለው ሰው ቤትዎ ውስጥ ካለ ሁለት ሳምንት ይታገሥ፣ ምላስ ይለምዳል። ጄሪካኑ ላይ የከፈቱበትን ቀን በእስክሪብቶ ይጻፉ። 6 ሳምንት ከቆየ ለአንድ ሰው በቀን 2 የሾርባ ማንኪያ ገደማ ደርሰዋል ማለት ነው። ይህ ብቻውን በወር ወደ አንድ ኪሎ ይወስዳል።

እንጀራ በአንድ ማዕድ ግማሽ ይበቃዎታል፣ ከጎኑ ግን ሁለት ጭልፋ ምስር፣ ክክ ወይም ወፈር ያለ ሽሮ ይሁን፣ ጎመኑን እንደፈለጉ። ምስሩን ያሳነሰ ሰው በ10 ሰዓት ርቦት ቦምቦሊኖ ፍለጋ ይወጣል። ምሳ ዕቃዎ ውስጥ ፍርፍር ከሆነ የሚይዙት እሱን ይተዉት፤ ፍርፍር እንጀራውን ይደብቃል፣ ሁለት እንጀራ ተቆራርሶ በዘይት ርሶ አንድ ዕቃ ውስጥ ይገባል፣ ማንም አይቆጥረውም። ምግብ ቤት በያይነቱ ካዘዙ ሩዙንና ድንቹን በምስርና በጎመን እንዲቀይሩልዎ ይጠይቁ፣ ጭማሪ እንጀራውንም ገና ሳይመጣ ይመልሱት። ሻይ ላይ 3 ማንኪያ ስኳር በቀን 4 ጊዜ ማለት 190 ካሎሪ ገደማ ነው። ስለ ስፕሪስ ብዙ አልልም፤ ፍሬውን በማንኪያ ይብሉት።

ስለ ደሙ ቤተሰብዎ ግማሽ እውነት ይዟል። ምስርና ጤፍ ብረት አላቸው፣ ከምግቡ ጋር ሎሚ ወይም ጥሬ ቲማቲም ሲኖር ሰውነት የተሻለ ይወስደዋል። ቡናና ሻይ ግን ያግዱታል፣ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ይቆዩ። ከአትክልት የማይገኘው ቫይታሚን ቢ12 ነው። በፍስክ ቀን እንቁላልና ወተት፣ እሑድ ሥጋ የሚቀምስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይጎድለውም። የፍስክ ምግብ ጭራሽ ይቅር ካሉ ግን በቀን 50 ማይክሮግራም ኪኒን መውሰድ ይኖርብዎታል። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያስቀምጥ ጉድለቱ ቶሎ አይታይም፣ ሲመጣም በእጅና በእግር መደንዘዝ ሊጀምር ይችላል። ያኔ ስኳር ነው ብለው ሳይደነግጡ፣ መርፌም ከፋርማሲ ገዝተው ሳይወጉ፣ ይመርመሩ።

አሁን ወደ ሻዩ። የማቅጠኛ ተብለው ከሚሸጡት ሻዮች ብዙዎቹ ውስጥ ሆድ የሚያስኬደው ሰናመኪ የሚባለው ቅጠል ነው። ሰናመኪ የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው። የበሉት እንጀራና ዘይት ግን እዚያ ሳይደርስ ትንሹ አንጀት ላይ ተመጥጦ ደም ውስጥ ገብቷል። ሻዩ ጠራርጎ የሚያወጣው ውኃና ጨው ነው። ያ 3 ኪሎ ምን እንደነበር በሂሳብ እንየው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። በአንድ ሳምንት 3 ኪሎ ስብ እንዲጠፋ በየቀኑ 3,300 ካሎሪ መጉደል አለበት። ቢሮ ተቀምጠው የሚውሉ እርስዎ፣ ሳምንቱን ሙሉ እህል ባይቀምሱ እንኳ ሰውነትዎ በቀን ያን ያህል አያቃጥልም። የቀነሰው ውኃ ነበር፣ ውኃ ሲጠጡ ተመለሰ። ሎሚ በሙቅ ውኃም፣ አቼቶም እዚሁ ላይ ይካተቱ፤ የሆድ ስብ ምጣድ ላይ እንዳለ ቅቤ በጠብታ አይቀልጥም።

እስከዚህ ድረስ ገንዘብ ማባከን ብቻ በሆነ ነበር። እርስዎ ግን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱ ሰው ነዎት! ኪኒኑ ፖታሲየምን በሽንት ያወጣል፣ ሻዩ ደግሞ በተቅማጥ፤ በሁለት በር ነው የሚወጣው። ፖታሲየም ከ3.5 በታች ሲወርድ ጡንቻ ይዝላል፣ ባት ሌሊት ይጨመደዳል፣ የበለጠ ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል። ባቴን ይይዘኛል ብለው ጽፈው፣ በዚያው ደብዳቤ መጠኑን ልጨምር ይላሉ። የግፊት ኪኒን ያዘዘልዎትን ሰው «ይህን ሻይ ልጠጣ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ጊዜ ይወስድ ነበር? ሙዝ በልቼ እተካዋለሁ አይበሉ፤ ምን ያህል እንደጎደለ በደም ሳይለካ በሙዝ አይገመትም። ኪኒኑንም በራስዎ አያቋርጡ፣ ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል።

ሌላም አለ። በዕፅ ስም ከሚሸጡ የማቅጠኛ ሻዮችና እንክብሎች ውስጥ ሲቡትራሚን የተባለ የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት፣ ማሸጊያው ላይ ሳይጻፍ፣ በተለያዩ አገሮች በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ይህ መድኃኒት ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ ስለሚያጋልጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የወጣ ነው። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ማለትም ግፊት ላለበት ሰው የመጨረሻው ነገር። ሻዩን ከጀመሩ ወዲህ አፍዎ ከደረቀ፣ እንቅልፍ ከራቀዎት ወይም ልብዎ በከንቱ ከደለቀ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ።

ልብዎ ድው ድው እያለ ቢዘልል፣ ሲቆሙ ዓይንዎን ካጨለመዎት ወይም ደረጃ መውጣት ካቃተዎት፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከነዚህ አንዱም ከሌለ ነገ ጠዋት፣ በጣም ቢዘገይ ከነገ ወዲያ። ለሰኞ አይቅጠሩት።

ስለ መራመድ አጭር ልበል። ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግር 20 ደቂቃ ገደማ ነው። በሳምንት 4 ቀን ደርሶ መልስ ከሄዱ 150ው ደቂቃ ሞልቶ ይተርፋል። ፖታሲየሙ እስኪታወቅ ግን በዝግታ፣ የቸርችልንም ዳገት ለጊዜው ይተዉት። ሚዛን ላይ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ ይውጡ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነሱ ጥሩ ነው። መክሳትዎን ያየ ሁሉ «ምን ሆንሽ፣ ታመምሽ እንዴ?» ማለቱ አይቀርም፤ ፊትዎን ሳይሆን የወገብዎን ልክ ይዩ፣ አሁን ለክተው በ3 ወሩ ይድገሙት።

ጤና ጣቢያ ሲሄዱ በባዶ ሆድ ይሂዱ። ፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራ፣ የልብ ምርመራ (ኢሲጂ)፣ የደም መጠን፣ እንዲሁም የሦስት ወር ስኳር የሚባለውን ይጠይቁ። ያለፉትን ወራት አማካይ የሚያሳየው የኋለኛው ነው፤ ከ5.7 እስከ 6.4 ከሆነ አሁንም ቅድመ ስኳር ላይ ነዎት፣ በየዓመቱ ይደገማል። የሻዩን ካርቶን አይጣሉት፣ የቀረውን ፓኬት ከነማሸጊያው በፌስታል አድርገው ከኪኒኑ ጋር ይዘው ይግቡ።