ሆላሾቪትሴ ሂድ

ከፕራግ ወጣ ብዬ የማያት ትንሽ የቼክ መንደር አለች ወይ ላልከው፣ ወንድሜ፣ ሆላሾቪትሴ ሂድ። ደቡብ ቦሄሚያ ውስጥ፣ ቼስኬ ቡዲዬዮቪትሴ ከተማ አቅራቢያ ናት። በፈረንጆቹ 1520ዎቹ ወረርሽኝ ገብቶ ከመንደሩ የተረፉት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሁለት! ኋላ ከባቫሪያና ከኦስትሪያ ሰፋሪዎች መጥተው መልሰው አቀኗት። ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ ነዋሪዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተባረሩ፤ ብዙ ቤት ባዶውን ቀረ። ያሳዝናል። ግን አፍርሶ የሚሠራ ስላልነበረ የድሮው መልክ ሳይነካ ቆየ፤ በ1998 ዩኔስኮ መዘገባት።

መሃሉ ሰፊ ሣር ነው፤ ኩሬና በ1755 የተሠራች ትንሽ ጸሎት ቤት አሉበት። 23 የገበሬ ግቢዎች ፊታቸውን ወደ ሣሩ አዙረው ቆመዋል። ቀና ብለህ የቤቶቹን ግንባር እይ፦ ጠርዙ እንደ ማዕበል የተጠማዘዘ፣ በልስን ጌጥ የተሞላ፣ አንዳንዱም የተሠራበት ዓመት የተጻፈበት ነው። ሰው ስለሚኖርባቸው ሳታስፈቅድ አትግባ።